ሳምያ ወይስ ፊሎሳምያ? ስለ ጉሎ ሐር ትል ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ጥቂት የጉሎ ሐር ትሎች አረባለሁ። ትልቅ ሥራ አይደለም። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አራት መደርደሪያ፣ ከቦርከና ዳር የሚለቀም የጉሎ ቅጠል፤ በቃ። ከዚሁ ከኮምቦልቻም፣ ሐረጎን ወርደው ከደሴም ተማሪዎች እየመጡ ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ቅጠሉና ስለ በሽታው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን የሚይዙኝ በስሙ ነው። አንዱ ያነበበው ጽሑፍ ሳምያ ይላል፣ የሌላው ፊሎሳምያ፣ የሦስተኛው አታኩስ። ሁሉም ትክክለኛው የቱ ነው ብለው ያፋጥጡኛል። ደጋግሞ ከማውራት ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳምያ ሪሲኒ፣ ሳምያ ሲንትያ ሪሲኒ፣ ፊሎሳምያ ሪሲኒ፣ አታኩስ ሪሲኒ። አራት ዓይነት ትል ነው?

አንድ ነው። አራቱም የሚናገሩት ሕንድ አገር አሳም ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በጉሎ ቅጠል ስለሚረባውና በንግድ ስሙ ኤሪ ስለሚባለው ትል ነው። አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ትልቅ የእሳት እራት ይሆናል። ሁሉም ላይ ያልተለወጠችውን ቃል ልብ በሉ፦ ሪሲኒ። በላቲን "የጉሎ" ማለት ነው። ኤሪም ቢሆን የመጣው ከአሳም ሰዎች የጉሎ ስም ነው። ሁለቱም እኛ ምጣድ የምናስስበትን ያንኑ ተክል እየጠሩ ነው።

ታዲያ አንድ ነፍሳት ይህን ሁሉ ስም ከየት አመጣው?

የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከተማዋ ድሮ ላኮመልዛ ነበር የምትባለው። ደሴ የሚለውን ስም ያወጡላት አፄ ዮሐንስ ናቸው ይባላል። ተራራው ያው ጦሳ፣ ሰዉም ያው ሰው፣ ስሙ ግን ሁለት። ሁለቱን ስም የማያውቅ እንግዳ አንድ የድሮ ጽሑፍ ቢያነብ ሁለት ከተማ ይመስለዋል።

በነፍሳት ዓለም ነገሩ ትንሽ ይጠናል፤ የስም ለውጡ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው፣ አንድ ዝርያ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። ወገን ስል ትምህርት ቤት ጂነስ የሚሉትን ነው። አታኩስ የሚለው የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ድሮ ትልልቆቹን የሐር እራቶች እዚያ ያጉሯቸው ነበር። ሁለተኛው የባሰው ነው። ዝርያው ከቦታው ሳይነቃነቅ የወገኑ ስም ራሱ የማን እንደሆነ ሰው ይጣላበታል። ሳምያ ላይ የደረሰው ይህ ነው። እዚህ ጋ "ታይፕ ስፒሺስ" የሚሉት ነገር ይመጣል።

ታይፕ ስፒሺስ ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ ዕድርን ቅሬ እንላለን። አንድ ቅሬ አባሉ ሲበዛ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብሎ ይከፈላል እንበል። የድሮውን ስም ይዞ የሚቀጥለው የቱ ነው? ብዙ አባል ያለው አይደለም። ድንኳኑ የተሻለውም አይደለም። ማኅተሙ ያለበት ነው። ማኅተሙ ያለው ከታች ሰፈር ሰዎች ጋር ከሆነ፣ አምስት አባወራ ብቻ ቢሆኑም የድሮው ስም የእነሱ ነው። ላይ ሰፈሮች አዲስ ስም ያወጣሉ።

ታይፕ ስፒሺስ ማለት ማኅተም ያዡ ዝርያ ነው። እያንዳንዱ ወገን አንድ አለው። ወገኑ ነገ ለሁለትም ለአምስትም ቢሰነጠቅ ስሙ ማኅተም ያዡን ተከትሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዝርያም በተራው ማኅተም አለው፤ የእሱ ማኅተም ግን ዝርያ ሳይሆን ሙዚየም ውስጥ በመርፌ ተወግቶ የተቀመጠ አንድ ናሙና ነው።

አንድ ተማሪ "ታይፕ ከተባለ ወገኑን በደንብ የሚወክለው፣ በጣም የተለመደው ዝርያ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም። ከዘመዶቹ ሁሉ ለየት ያለ፣ ሁለት ሰው ብቻ ያየው ዝርያ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ነው የሚያሳስተው። የቅሬው ማኅተም ያዥ ከሰፈሩ ሁሉ ረጅም ወይም ደግ መሆን የለበትም። ማኅተሙን መያዝ ብቻ ነው ሥራው።

ሳምያ ላይ ምን ተፈጠረ?

ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ እኔም ለመጨበጥ ጊዜ ወስዶብኛል።

የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ሕጋዊ ዕድሜው የሚቆጠረው ከ1758 ነው፤ የስዊድኑ ሊኒየስ የመጽሐፉን 10ኛ እትም ካወጣበት ዓመት። ያኔ ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነበሩ። ሊኒየስ ከጥቂቶቹ በስተቀር የእሳት እራትን በሙሉ ፋሌና በሚል አንድ ስም ጠቀለለው። የሰሜን አሜሪካዋን ትልቅ እራት ሴክሮፒያን ስም ያወጣላት በዚሁ መጽሐፍ ነው። በ1773 ደግሞ ድሩሪ የሚባል የለንደን ብር አንጥረኛ የቻይናዋን ሲንትያን ስም ሰጣት። ብር አንጥረኛ ነው የምላችሁ፤ ነፍሳት መሰብሰብ ሱሱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሁብነር ነው፤ የአውግስቡርግ ሰው፣ ሠዓሊ። ያ ሁሉ እራት በአንድ ስም መታጎሩ አልተዋጠለትም፤ ወገኖችን እየከፋፈለ በገፍ ስም አወጣ። ሳምያ አንዷ ናት። መጽሐፉ ከ1816 እስከ 1826 በክፍል በክፍል ስለታተመ የየትኛው ስም ዓመት የትኛው እንደሆነ ሌሎች ኋላ ቁጭ ብለው ማስላት ነበረባቸው። ለሳምያ የወጣው 1819 ነው። አንዳንድ ቦታ ዓመቱን በካሬ ቅንፍ ውስጥ የምታዩት ለዚህ ነው፤ መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፣ ከሌላ ማስረጃ ነው የተገኘው ማለት ነው።

ሁብነር ግን አንድ ነገር አላደረገም። ማኅተሙን ለማንም አልሰጠም። በዘመኑ እንዲህ ዓይነት ልማድ አልነበረም። ሳምያ ሥር ዛሬ በተለያየ ወገን የምናስቀምጣቸውን እራቶች አንድ ላይ ሰብስቦ ሞተ።

ከዚያ ጭቅጭቁ ጀመረ። አንዱ ማኅተሙ የሴክሮፒያ ነው አለ፣ ሌላው የሲንትያ። በዚህ መሃል ግሮት የሚባል፣ እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሰው አለ። በ1865 ፕላቲሳምያ የሚል ስም ለሴክሮፒያ አወጣ። ጥሩ፤ እንግዲህ ሳምያ ለሲንትያ ትቀራለች ብላችሁ ታስባላችሁ። ያው ሰውዬ በ1874 ፊሎሳምያ የሚል ሌላ ስም ለሲንትያ አወጣላት! ሁለቱም ወገን አዲስ ስም አገኘ፤ ሳምያ መሃል ሜዳ ላይ ቀረች። ሰውዬው ይኑር ይሙት ግድ የለኝም ነበር፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ ግን አንዳንዴ በሕልሜ እጣላዋለሁ።

ውጤቱን ተመልከቱ። በ1903 የወጣው ታዋቂው የሆላንድ የአሜሪካ እራቶች መጽሐፍ ሴክሮፒያን "ሳምያ"፣ ሲንትያን "ፊሎሳምያ" ይላል። በ1940ዎቹ ስለ ነፍሳት ሆርሞን የተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ያችኑ ሴክሮፒያ "ፕላቲሳምያ" ይሏታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ከእሷ ሙሽሬ (እጩ እራት ከመሆኑ በፊት ያለው ደረጃ) ሴክሮፒን የተባለው ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን ሲወጣ ደግሞ ስሟ "ሃያሎፎራ" ሆኗል። አንዲት እራት ናት። ሦስት ስም ይዛ ሦስት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣለች።

ዛሬ ነገሩ ረግቷል። የሳምያ ማኅተም ያዥ ሲንትያ ናት። ፊሎሳምያም ማኅተም ያዧ ያችው ሲንትያ ስለሆነች ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው፤ ቀዳሚዋ ሳምያ ገዥ ሆነች፣ ፊሎሳምያ ወደቀች። በሴክሮፒያ በኩል ደግሞ ደንከን የሚባል ሰው በ1841 ሃያሎፎራ የሚል ስም አውጥቶላት ነበር። 1841 ከ1865 ይቀድማል፤ ስለዚህ ፕላቲሳምያም ወደቀች። ግሮት ያወጣቸው ሁለቱም ስሞች ውሃ በላቸው።

ያ ሁሉ የፈረንጅ ጭቅጭቅ እዚህ ትል ለሚያረባ ሰው ምን ያደርግለታል?

እኔም እንደዚህ ነበር የምለው። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በጀመርኩበት ዓመት ስለ ሳምያ የሚያወራ አንድ የቆየ የአሜሪካ መጽሐፍ በስልኬ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ኮኩኑ፣ ማለትም ትሉ ራሱን የሚጠቀልልበት የሐር ቅርፊት፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ሳይፈነዳ ይቆያል፣ እራቱ የሚወጣው በሚቀጥለው ጸደይ ነው ይላል። እሰይ አልኩ። አርባ የሚያህሉ ኮኩኖች ነበሩኝ። በጫማ ካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳቸው። ለወራት አልነካቸውም ብዬ ጓሮ ያለውን ጉሎ ጨፍጭፌ ቦታውን ለጎመን አዘጋጀሁት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ለቅሶ ነበረብኝና ሄጄ ጥቂት ቀን አደርኩ። እናቴ ደወለች። "ልጄ፣ ቤቱን የሌሊት ወፍ ወረረው፣ ቶሎ ና" አለችኝ። ስደርስ መጋረጃው ላይ፣ አምፖሉ ላይ፣ ጣሪያው ላይ እጅ መዳፍ የሚያህል እራት። እንቁላሉ በየጨርቁ ተለጥፏል። አንዷ እንስት መቶዎች ትጥላለች። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ተፈለፈሉ። የሚበላ ቅጠል የለም፤ እኔው ነኝ የጨፈጨፍኩት። ማታ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ቦርከና ዳር ቅጠል ስለቅም ያየኝ ሰው መድኃኒት ቀማሚ ሆነ ብሎ አስወራብኝ። አብዛኛው እጭ አለቀ።

የመጽሐፉ "ሳምያ" ሴክሮፒያ ነበረች። እሷ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያላት፤ ሙሽሬዋ ብርዱን ተኝታ ታሳልፋለች። የጉሎ ሐር ትል ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ሙቀትና ቅጠል ካገኘ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ይዞራል። መጽሐፉ አልዋሸም። የጻፈው ሰው በዘመኑ ማኅተሙ የሴክሮፒያ ነው ብለው ከሚያምኑት ነበር። እኔ ስሙን አየሁ፣ ማኅተሙ ከማን ጋር እንደሆነ አላየሁም።

ሁብነር ያልመረጠውን ማኅተም ያዥ ሌላ ሰው እንዴት መረጠው?

በሕጉ መሠረት ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ ካልመረጠ፣ ከእሱ በኋላ መጀመሪያ በትክክል መርጦ ያሳተመ ሰው ይይዛል። ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የተመረጠው ዝርያ ከመሥራች አባላት አንዱ መሆን አለበት፤ ኋላ የገባ አይሆንም። ምርጫውም ግልጽ መሆን አለበት። አንዴ ከተመረጠ በኋላ የመጣ ሰው "እኔ የተሻለ አለኝ" ቢል አይሰማም።

የድሮ ሰዎች የተጣሉት ይህ ሕግ ስላልጠራላቸው ነው። አንዳንዱ መጽሐፉ ላይ መጀመሪያ የተጠቀሰው ዝርያ ታይፕ ነው ይል ነበር። አንዳንዱ ደግሞ በማጣራት ይሄድ ነበር፤ አባላቱ አንድ በአንድ ወደ አዲስ ወገን ሲወጡ በመጨረሻ የቀረው እሱ ነው ብሎ። ሁለተኛው እውነትም ልብ ይበላል። ቅሬው ፈርሶ አንድ አባወራ ቢቀር ማኅተሙን ለእሱ ትሰጡ የለ? ሕጉ ግን ማጣራት ብቻውን ምርጫ አይደለም ይላል።

ከ1930 ወዲህ ለሚወጡ የወገን ስሞች ይህ ጣጣ የለም። ታይፑን ሳይናገር አዲስ የወገን ስም ያወጣ ሰው ስሙ አይቆጠርለትም።

ሕጉን የሚያወጣው ማነው?

ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስም አወጣጥ ኮሚሽን የሚባል አለ፤ ከ1895 ጀምሮ። አሁን የሚሠራበት 4ኛው የሕግ እትም ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ነው። ዕፅዋት የራሳቸው ሌላ ሕግ አላቸው።

የቀደመ ስም ሁልጊዜ ያሸንፋል?

አብዛኛውን ጊዜ። ግን ሕጉ ጭፍን አይደለም። አንድ የተረሳ የቆየ ስም አቧራውን አራግፎ ብቅ ቢልና ሁሉም የሚያውቀውን ስም ሊጥል ቢሆን መከላከያ አለ። የቆየው ስም ከ1899 በኋላ እንደ ትክክለኛ ስም ተሠርቶበት የማያውቅ ከሆነ፣ አዲሱ ደግሞ ባለፉት 50 ዓመታት ቢያንስ በ10 ጸሐፊዎች፣ ቢያንስ በ25 ሥራዎች፣ ቢያንስ የ10 ዓመት ጊዜ በሚሸፍን ሁኔታ ከተሠራበት አዲሱ ይጸናል።

በዚህ ሕግ ደሴ ብትዳኝ እንደምትቸገር አስቤ ስቄ አውቃለሁ። ላኮመልዛ የሚለውን ስም ዛሬም ወሎዬው በፍቅር ይጠራዋል፤ ተረሳ ማለት አይቻልም። ጉዳዩ ወደ ኮሚሽኑ ይሄድ ነበር። ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ሲገጥመው አይቶ በራሱ ሥልጣን ይወስናል።

ሲንትያና ሪሲኒ ግን አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት?

እዚህ ላይ ነገሩ የስም ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የሥነ ሕይወት ጥያቄ ነው። ረጅም ጊዜ ሪሲኒ የሲንትያ ንዑስ ዝርያ ተደርጋ ነው የተጻፈችው። "ሳምያ ሲንትያ ሪሲኒ" የሚለው ባለ ሦስት ቃል ስም ከዚያ የመጣ ነው፤ በአገራችን የሐር ጥናቶችም ላይ ሞልቷል። ፓይግለርና ናውማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 የሳምያን ወገን በሙሉ ከልሰው ሲያወጡ ግን ሪሲኒ ከሲንትያ ሳይሆን ካኒንጊ ከምትባል የእስያ የዱር እራት በማላመድ የተገኘች ናት አሉ። እኔ የእነሱ ያሳምነኛል። ሲንትያ የቻይና ናት፣ የምትወደው አይላንተስ የሚባል ዛፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ለሐር ተብላ አውሮፓና አሜሪካ ገብታ ከተማ ለከተማ ዱር ሆና ቀርታለች።

የለማዳዋ የሪሲኒ ስም ከዱሯ ከካኒንጊ ስም ቀድሞ መውጣቱ አንድ ጣጣ ያመጣል። ቀዳሚ ያሸንፋል ከተባለ የዱሯ በለማዳዋ ስም ልትጠራ ነው። ይህ በብዙ እንስሳት ላይ የደረሰ ነገር ነው። ኮሚሽኑ በ2003 አሥራ ሰባት የዱር ዝርያዎች፣ ለማዳዎቹ ቀድመው ስም ቢያገኙም፣ የራሳቸውን ስም ይዘው እንዲቆዩ ወስኗል። ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ የተለመደው የሐር ትል የዱር ዘመድ አለች። ጎረቤታችን አፋር በረሃ ውስጥ ያለው የሜዳ አህያም አለ። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ጋሪ የሚጎትተው አህያ ስም በ1758 ነው የወጣው፣ የዱሩ ወንድሙ በ1866።

ከስሙ ኋላ ያለው ሰው አንዳንዴ በቅንፍ፣ አንዳንዴ ያለ ቅንፍ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቅንፍ ካለ ዝርያው መጀመሪያ ከተሰጠው ወገን ወጥቷል ማለት ነው። ድሩሪ ሲንትያን ሳምያ አላላትም፤ ስለዚህ "ሳምያ ሲንትያ (ድሩሪ፣ 1773)"። ቅንፉን የሚረሳ ብዙ ነው። በሪሲኒ ላይ ደግሞ ሰዉ ራሱ ያወዛግባል፤ አንዱ ጽሑፍ ዶኖቫን፣ ሌላው ቧዱቫል ይላል።

የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

ሳምያ ሪሲኒ። አማካሪህ ባለ ሦስት ቃሉን ከወደደ አትጣላው፤ ሳምያ እስካለ ድረስ ከባድ ስህተት አይደለም። ፊሎሳምያ ብለህ ግን አትጻፍ፤ ከጻፍክም በድሮ ስሙ ብለህ ጥቀስ። መጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር፦ በጉሎ ቅጠል የሚረባው፣ ኤሪ የሚባለው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስሙ እንደገና ቢለወጥ እንኳ አንባቢ የትኛውን ትል እንደምትል አይጠፋውም። የተወሰኑ ኮኩኖችና እራቶችም በአልኮልና በመርፌ አስቀምጥ። ክርክር ከመጣ የሚዳኘው ናሙናው ነው።

ስትፈልግ ግን በሁሉም ስም ፈልግ። የሕንድ የቆዩ ጽሑፎች በፊሎሳምያ ነው የሞሉት፤ ስሙ ወደቀ ብለህ ከተውካቸው ብዙ እውቀት ያመልጥሃል። የድሮ የአሜሪካ ጽሑፍ "ሳምያ" ካለህ ደግሞ ቶሎ አትመን። ምን እንደሚበላ፣ ኮኩኑ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አንብብ። የብርዱን ወራት የሚተኛ ከሆነ የኛ አይደለም።

በአማርኛስ ምን እንበለው?

የአማርኛውን ስም ኮሚሽኑ አያዝበትም፤ እንደፈለግን ነው። ችግሩ "የሐር ትል" ብቻ ካልን ሙልቤሪ ከሚበላው ጋር ይምታታል። የሁለቱ ክር አያያዝ ፍጹም ይለያያል። የሙልቤሪው ክር አንድ ሳይበጠስ ይተረተራል። የጉሎው ኮኩን አፉ ክፍት ስለሆነ እንደ ጥጥ ተፈትሎ ነው፤ እንዝርት የያዘች እናት አንድ ቀን አይታ ትችለዋለች። እኔ "የጉሎ ሐር ትል" እላለሁ። የጎረቤት ልጆች "ጉሎ በል" ይሉታል፤ እሱም አይከፋም።

ካርቶኖቼ ላይ ግን በማርከር ሳምያ ሪሲኒ ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ደግሞ እናቴ ያስጻፈችኝ አለ፦ "ቁም ሳጥን ላይ አይቀመጥም"።